ቤት ሳይፈርስ ልኩን መያዝ፤ ስለ ዲጂታል የሕንፃ ምዝገባ ከሸርቆሌ አንጻር የቀረበ መግለጫ

መግቢያ

አንድ ሕዝብ ያለፈ ኑሮውን ከሚያስታውስባቸው ነገሮች መካከል የሠራው ቤት አንዱ ነው። ቤቱ የድንጋይ ሕንፃ ከሆነ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆሞ ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል። የሽመልና የሣር ቤት ከሆነ ግን የሠሪውን ዕድሜ ያህል እንኳ ሳይቆይ ይፈርሳል፤ በምትኩም ሌላ ይሠራል። የቀድሞው ቤት እንዴት እንደነበረ የሚያውቀው የሠራው ሰውና ጎረቤቱ ብቻ ይሆናል፤ እነርሱም ሲያልፉ ነገሩ ከነመታሰቢያው ያልፋል።

በአሁኑ ዘመን ሕንፃዎችን በሌዘር ብርሃንና በፎቶግራፍ አማካይነት በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ ለክቶ በኮምፒዩተር መመዝገብ ተችሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት፣ በአገራችንና በሌሎች አገሮች ምን ውጤት እንዳስገኘ ማሳየት፣ ከዚያም ውድ መሣሪያ ያልደረሰው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሊያከናውን የሚችለውን ማመልከት ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ዘዴ ሲመዘገቡ የቆዩት በአብዛኛው ዝነኞቹና ጽኑዎቹ ሕንፃዎች ናቸው። የጽሑፉ አቅራቢ እምነት ግን ቅድሚያ የሚገባው ከሁሉ ቀድሞ ለሚጠፋው ነው የሚል ነው።

1. ከሸርቆሌ የተገኘ ትምህርት

ሸርቆሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን የሚገኝ፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ወረዳ ነው። የክልሉ ስም ራሱ የመጣው ‹በላ ሻንጉል› ከሚለው የበርታ ስያሜ ሲሆን፣ ‹በላ› የተባለው ዓለት ነው። ይሁን እንጂ በዓለት ስም የሚጠራው ይህ አገር የአብዛኛው ነዋሪ መኖሪያ ቤት የሚሠራው ከድንጋይ ሳይሆን፣ በአካባቢው በብዛት ከሚበቅለው ሽመል፣ ማለትም ከቆላ ቀርከሃ፣ ከእንጨትና ከሣር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጥቂት ዕጩ መምህራንን ለመስክ ልምምድ ይዞ ወደ ሸርቆሌ ሄዶ ነበር። የተሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር። አንድ ክብ ቤት ለክተው በወረቀት ላይ መንደፍ ነበረባቸው። ባለቤቱ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ዕጩ መምህራኑ ከመካከለኛው ምሰሶ ተነሥተው እስከ ግድግዳው ድረስ በስምንት አቅጣጫ ለኩ። ሰባቱ ልኮች ተቀራራቢ ሲሆኑ ስምንተኛው በሁለት ስንዝር ያህል በለጠ። ተሳስተናል ብለው ደግመው ለኩ፤ ውጤቱ ግን ያው ሆነ። ከመካከላቸው የበርታ ቋንቋ ተናጋሪ የሆነች ወጣት «አባባ፣ ይህኛው ጎን ለምን ሰፋ?» ብላ ጠየቀች። አዛውንቱም ሥቀው የመለሱትን እንዲህ ስትል ተረጎመችልን፦ «ልጆቼ፣ ሜትራችሁ አልዋሸም፤ ሆዱን የነፋው ቤቴ ነው። በዚያ በኩል ያለውን ሽመል ቸኩዬ በክረምት ቆረጥሁት። የክረምት ሽመል ውስጡ ገና ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል። ከመኸር በኋላ አፍርሼ እሠራዋለሁ።»

በተከታዩ ዓመት ወደዚያው በተመለስን ጊዜ ቤቱ አልነበረም። በሥፍራው ባለ አራት ማዕዘን፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ተሠርቷል። አዛውንቱ ቆርቆሮው ዝናብ እንደማያስገባ በደስታ አስረዱን፤ ደስታቸውም ተገቢ ነበር። የቀድሞውን ቤት ንድፍ ለማየት በአንድ ትምህርት ቤት አኑረነው ወደነበረው ቁም ሣጥን ብንሄድ፣ ወረቀቱን ምስጥ በልቶት አገኘነው። ከጥፋት የተረፈው አንዲት ዕጩ መምህርት በግል ደብተሯ የገለበጠችው ብቻ ነበር።

ከዚህ ትንሽ ገጠመኝ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ልክ ‹ስንት› የሚለውን ይመልሳል፤ ‹ለምን› የሚለውን የሚመልሰው ግን ባለቤቱ ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ቤት ሊመዘገብ የሚችልበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ሦስተኛ፣ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ እንደ ቤቱ ሁሉ ይጠፋል። የመሣሪያው ረቀቅ ማለት እነዚህን ሦስት ነገሮች እንደማይለውጣቸው ከዚህ በታች ይታያል።

2. ዘዴው የመጣበት መንገድ

ሕንፃን ከሩቅ ሆኖ የመለካት ሐሳብ የቆየ ነው። አልብሬኽት ማይደንባወር የተባለ ጀርመናዊ የሕንፃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ፊት ለፊት ገጽ እየለካ ሳለ ከከፍታው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ‹ሕንፃው ላይ ከመንጠልጠል ፎቶግራፉን መለካት አይሻልምን?› ብሎ አሰበ። ይህም ሐሳብ ፎቶግራሜትሪ፣ ማለትም በፎቶግራፍ የመለካት ሙያ፣ እንዲስፋፋ ምክንያት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1885 በርሊን ውስጥ ለዚሁ ሥራ የመንግሥት ተቋም ተመሠረተ።

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በሌዘር ነው። በኢራቅ በሞሱል ከተማ የተወለደው መሐንዲስ ቤን ካሲራ ከባልደረቦቹ ጋር ተንቀሳቃሽ የሌዘር ስካነር ለአገልግሎት አበቃ። እ.ኤ.አ. በ2001 አፍጋኒስታን ውስጥ በባሚያን የነበሩት ታላላቅ የቡድሃ ሐውልቶች በፈንጂ ሲወድሙ፣ ለፋብሪካና ለግንባታ ሲያገለግል የነበረው ይህ መሣሪያ ለቅርስም እንዲውል በማሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይአርክ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት ከባለቤቱ ጋር አቋቋመ።

3. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ሀ. የሌዘር ስካነር፦ መሣሪያው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሎ በዙሪያው እየተሽከረከረ የብርሃን ጨረር ይልካል። ጨረሩ ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ፣ መሣሪያው የወሰደውን ጊዜ ይለካል። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ብርሃን 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ጨረሩ በ80 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ሄዶ ቢመለስ፣ ጠቅላላ ጉዞው 80 × 30 = 2,400 ሴንቲ ሜትር ወይም 24 ሜትር ይሆናል። ይህ ደርሶ መልስ ስለሆነ ለሁለት ሲካፈል ግድግዳው በ12 ሜትር ርቀት ላይ መሆኑ ይታወቃል። የተራራ ገደል የሚመልሰውን የገደል ማሚቶ ሰምቶ ርቀቱን የሚገምት እረኛ የሚከተለው መንገድ ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ በድምፅና በብርሃን ላይ ብቻ ነው።

መሣሪያው ከርቀቱ ጋር ጨረሩ የተላከበትን አቅጣጫ ስለሚመዘግብ፣ እያንዳንዱ የተነካ ነጥብ ሦስት ቁጥሮች ይኖሩታል። ዘመናዊ ስካነሮች በአንድ ሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ነጥቦች ይለካሉ። ነጥቦቹ በአንድነት ሲታዩ የሕንፃውን መልክ የያዘ ጉም ስለሚመስሉ ባለሙያዎች ‹የነጥብ ደመና› ይሏቸዋል። ከአንድ ቦታ ሁሉም ጎን ስለማይታይ መሣሪያው በብዙ ቦታ ይተከላል፤ ደመናዎቹም በኮምፒዩተር ይጋጠማሉ።

ለ. ፎቶግራሜትሪ፦ አንባቢ አውራ ጣቱን ከፊቱ ዘርግቶ በመጀመሪያ በቀኝ ዓይኑ፣ ቀጥሎም በግራ ዓይኑ ብቻ ቢመለከት፣ ጣቱ ከቦታው የተዛወረ ይመስለዋል። ጣቱ በቀረበ መጠን መዛወሩ ይበዛል። ርቀትን የምንገምተው በዚህ ልዩነት ነው። ፎቶግራሜትሪም እንዲሁ አንድን ሕንፃ ከብዙ ቦታ ካነሡት ፎቶግራፎች የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በሦስት ማዕዘን ስሌት ያወጣል። ለዚህም እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከሚቀጥለው ጋር ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ያህል መደራረብ ይኖርበታል። ፎቶግራፍ ብቻውን መጠንን ስለማይናገር፣ ልኩ የታወቀ ዘንግ፣ ለምሳሌ የ1 ሜትር እንጨት፣ ከሕንፃው አጠገብ ቆሞ አብሮ ይነሣል። ይህ ዘዴ በተራ የእጅ ስልክ ካሜራ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ለትምህርት ቤት ይበልጥ ይቀርባል።

4. በአገራችን የተከናወነ ሥራ

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች መካከል ናቸው። በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ በሆኑት በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር የተመራው የዛማኒ ፕሮጀክት እነዚህን አብያተ ክርስቲያናትና የሚገኙበትን መሬት በሌዘር ስካነር መዝግቧል። ‹ዛማኒ› በስዋሂሊ ያለፈ ጊዜ ማለት ሲሆን፣ ‹ዘመን› ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ያለው ዝምድና ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም።

ለላሊበላ እንዲህ ያለ ልኬት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። እነዚህ ሕንፃዎች ከመሠረት ተነሥተው የተገነቡ ሳይሆን፣ ከላይ ወደ ታች ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳው፣ ዓምዱና ጣሪያው በቀጥተኛ መሥመር አይገዙም። በሜትርና በማስመሪያ የተነደፈ ሥዕል ጠማማውን አቅንቶ፣ ሸካራውን አለስልሶ ያሳያል። ስካነሩ ግን ዓለቱን እንዳለ ይወስደዋል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው፣ ሥራው ከዓመታት በኋላ ሲደገም የፊተኛውና የኋለኛው ልኬት ተነጻጽሮ፣ ስንጥቅ ሰፍቶ ወይም ድንጋይ ተሸርሽሮ እንደሆነ ማወቅ መቻሉ ነው። በሌላ አነጋገር መዝገቡ መታሰቢያ ብቻ ሳይሆን የሕንፃው የሕመም ካርድ ይሆናል።

በትግራይ በየሐ የሚገኘውም ታላቁ ቤተ መቅደስ ሌላ ምሳሌ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ለአልመቃህ የተሠራው ይህ ሕንፃ፣ ያለ ጭቃ በተጠረበ ድንጋይ የቆመ ነው። የጀርመን አርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩትና በሐምቡርግ የሚገኘው የሐፈንሲቲ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሕንፃውን በሌዘር ለክተው፣ የጎደለው ክፍል ተሟልቶ ቢታይ ምን እንደሚመስል በኮምፒዩተር የሠሩትን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቅርበዋል።

የቤኒሻንጉል ታሪክም ቢሆን የድንጋይና የግንብ ምስክር ጨርሶ የለውም ማለት አይደለም። በአሶሳ አካባቢ ቃዓባና ቤል ቁርቁሙ የተባሉት የዋሻ መጠለያዎች የድንጋይ ዘመን ሰዎች የኖሩባቸው መሆናቸው በቁፋሮ ተረጋግጧል። በአዲስ አበባም ሸጎሌ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዥ ከሸህ ሆጀሌ አልሐሰን ሲሆን፣ የእርሳቸው ቤት ከከተማዋ ታሪካዊ ቤቶች ይቆጠራል። የገዥው ቤት በዋና ከተማ ሲታወስ፣ በዚያው ዘመን የኖረው ገበሬ ቤት ግን እንዲህ አይታወስም።

5. ከእሳት የተረፈ ልክ

የሣር ቤት ከተነሣ ለአሶሳና ለሸርቆሌ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የኡጋንዳው የካሱቢ መካነ መቃብር ነው። የቡጋንዳ ነገሥታት የተቀበሩበት ዋናው ቤት፣ ሙዚቡ አዛላ ምፓንጋ፣ 31 ሜትር የውጭ ስፋት ያለው፣ ከእንጨት፣ ከሸምበቆና ከሣር የተሠራ ክብ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይአርክ በሌዘር ለካው። በተከታዩ ዓመት፣ መጋቢት 7 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ቤቱ በእሳት ወደመ። ልኩ ግን ተርፎ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በቤቱ ጣሪያ ውስጥ 52 ቀለበቶች ነበሩ። መሣሪያ ቀለበቶቹን ይቆጥራል፣ ስፋታቸውንም ይለካል። 52ቱ ቀለበቶች የቡጋንዳን 52 ጎሣዎች እንደሚወክሉ የሚያውቁት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። የሣር ክዳኑም ሥራ የአንድ ጎሣ፣ የንጌዬዎች፣ ውርስ ነው። ቤቱ እንደገና የተሠራው በልኩና በሰዎቹ ዕውቀት ጥምረት ነው፤ ሥፍራውም እ.ኤ.አ. በ2023 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል።

በፓሪስ የኖትርዳም ካቴድራልም እንዲሁ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ አንድሩ ታሎን እ.ኤ.አ. በ2010 ሕንፃውን ከሃምሳ በላይ ከሆኑ ቦታዎች በሌዘር ለክተውት ነበር። ታሎን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 አረፉ፤ ካቴድራሉ በሚያዝያ 2019 ተቃጠለ። የተዉት ልኬት ለጥገናው ከዋቢ ሰነዶች አንዱ ሆነ።

6. መሣሪያው የማያየው

የስካነር ጥቅም ይህን ያህል ቢሆንም ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጨረሩ የሚነካው ገጽን ብቻ ነው፤ ከምርጊት በስተኋላ ያለውን የሽመል አሠራር አያይም። መስተዋት፣ የረጠበና በጣም ጥቁር ገጽ ያሳስተዋል። በነፋስ የሚወዛወዝ ሣርም የደበዘዘ ምስል ይሰጣል። የቤቱን ክፍሎች ስም፣ ማን እንደሠራው፣ ሽመሉ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ በሩ ለምን ወደዚያ አቅጣጫ እንደዞረ አያውቅም። የሸርቆሌው ቤት በስካነር ተለክቶ ቢሆን ኖሮ፣ የጎኑ ማበጥ በሚሊ ሜትር ይመዘገብ ነበር፤ የነቀዙ ታሪክ ግን ይቀር ነበር።

ጊዜም ሌላ ወሰን ነው። ሽመል በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ በጅምላ ካበበ በኋላ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ የቤት መሥሪያው ራሱ ከአካባቢው ይጠፋል። በክልሉ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውኃ ከሚተኛበት ሥፍራ ነዋሪዎች ወደ አዳዲስ መንደሮች ሲዛወሩ እንደታየው፣ ለልማት ሲባል መንደር የሚነሣበትም ጊዜ አለ። ሰው የተሻለ ቤት ማግኘቱ የሚደገፍ ነው። የሚያሳዝነው የቀድሞው ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው።

7. በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል

መምህሩ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ከአካባቢው ሁኔታ ጋር አስማምቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

አንደኛ፣ ፈቃድ። የቤቱ ባለቤት ሳይፈቅድ ሜትር አይዘረጋም፤ ፎቶግራፍም አይነሣም። ቤቱ ውስጥ ለእንግዳ የማይታይ ቦታ ካለ ይከበራል። በቅርስነት የታወቀ ሥፍራ ከሆነ ደግሞ ጥናት የሚካሄደው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በፈቃድ በመሆኑ፣ አስቀድሞ ጉዳዩ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ማነጋገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ልኬት። ሜትር፣ ሲባጎና ቱንቢ ይበቃሉ። ተማሪዎች የቤቱን ዙሪያ ይለካሉ። ዙሪያው 15.7 ሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ሲካፈል ስፋቱ 5 ሜትር ይወጣል። ቀጥሎ ከምሰሶው በስምንት አቅጣጫ ይለካሉ። ሁሉም 2.5 ሜትር ካልሆኑ ቤቱ ትክክለኛ ክብ አይደለም፤ ምክንያቱም ይጠየቃል። ከምሰሶው እስከ ክዳኑ ጠርዝ 3 ሜትር፣ ከጠርዙ ከፍታ እስከ ጉልላቱ 4 ሜትር ከሆነ፣ የክዳኑ ተዳፋት ርዝመት በፓይታጎረስ ሕግ 5 ሜትር ይሆናል። ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የማይኖር መሆኑን ተማሪው በዚህ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍ። አንድ ተማሪ ስልክ ይዞ ቤቱን በዝግታ እየዞረ፣ በየሁለት እርምጃው አንድ ፎቶግራፍ ያነሣል። የ1 ሜትሩ ዘንግ ከግድግዳው አጠገብ ይቆማል። ዛሬ ፎቶግራፎቹን ወደ ነጥብ ደመና የሚለውጥ ኮምፒዩተር ባይኖር እንኳ፣ በሥርዓቱ የተነሡ ፎቶግራፎች ወደፊት ሊሠራባቸው ይችላል።

አራተኛ፣ ቃል። እያንዳንዱ የቤት ክፍል በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሌላው የአካባቢው ቋንቋ ስሙ ይጻፋል። የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ የእንጨቱና የሣሩ ዓይነት፣ የመቁረጫው ወራት ባለቤቱ እንደተናገሩት ይመዘገባል። ይህ ክፍል ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ልክ በኋላ ከፎቶግራፍ ሊወጣ ይችላል፣ ከሞተ ሰው ግን ቃል አይገኝም።

አምስተኛ፣ ማኖሪያ። ከመዝገቡ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛው ለባለቤቱ ይሰጣል። ዲጂታል ፎቶግራፎችም በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቀሩም። ምስጥ ወረቀትን እንደሚበላ ሁሉ፣ የተሰበረ ስልክም ፎቶግራፍን ይበላል።

8. ለፕላን አውጪዎች

ለየወረዳው የሌዘር ስካነር መግዛት አስፈላጊም፣ የሚቻልም አይደለም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ሠልጣኝ ባለሙያ፣ ኃይለኛ ኮምፒዩተርና ሰፊ የማኖሪያ ቦታም ይጠይቃል። የተሻለው መንገድ ሥራውን በሁለት ደረጃ መክፈል ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከላይ በተገለጸው ዘዴ የየአካባቢያቸውን ቤቶች ይመዘግባሉ። በሁለተኛው ደረጃ እንደ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ከትምህርት ቤቶች ከመጣው መዝገብ ተነሥቶ፣ ልዩ የሆኑትን መርጦ በተሻለ መሣሪያ ሊለካ ይችላል።

ለዚህም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በሒሳብ፣ በኅብረተሰብ ትምህርትና በአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማር ዘዴ ኮርሶች ውስጥ አንድ የጋራ የመስክ ሥራ ቢያካትቱ አዲስ የትምህርት ዓይነት መክፈት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ወጥ ቅጽ፣ ጥቂት ሜትሮችና የተወሰነ የማኖሪያ ሥፍራ ነው። መንደር በልማት ምክንያት የሚዛወርበት ዕቅድ ሲወጣ ደግሞ፣ ከመነሣቱ በፊት ቤቶቹን የመመዝገብ ሥራ በዕቅዱና በበጀቱ ውስጥ ቢገባ፣ ወጪው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።

ማጠቃለያ

ዲጂታል ስካን ታላቅ መሣሪያ ነው። የላሊበላን ዓለት እንደ ሐኪም ለመከታተል፣ የካሱቢንና የኖትርዳምን ልክ ከእሳት ለማትረፍ አስችሏል። ነገር ግን መሣሪያው የሚሄደው የሰው አሳብ ወደመራው ነው፤ አሳባችንም እስከ አሁን ወደ ድንጋዩ አዘንብሏል። ድንጋዩ ትንሽ መጠበቅ ይችላል። የሸርቆሌው አዛውንት ቤት ግን እስከ መኸር ብቻ ነበር የጠበቀን። ያ ቤት ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኘው በአንዲት መምህርት ደብተር ውስጥ፣ ከስምንት ቁጥሮችና ስለ ክረምት ሽመል ከተጻፉ ሦስት መሥመሮች ጋር ነው። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ አንዳንድ ደብተር ቢኖር፣ ነገ ስካነሩ ሲመጣ ወዴት መሄድ እንደሚገባው የሚያሳየው መንገድ ዛሬ ተጠርጎ ይቆየዋል።